አባቶቹ የተመረቁ ዕለት

በጥሪ ካርዱ ላይ ያለችውን ስህተት ያየኋት ሚኒባሱ ከጎባ ከወጣ በኋላ ነው። «ለወ/ሮ ሀይሉ ጽጌ» ይላል። ጽጌ እኔ ነኝ፤ ሀይሉ አባቴ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ወይዘሮ ሀይሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ስልኬን ፍለጋ ቦርሳዬን በረበርኩ።

ካርዱን ያተመችው ልጄ ገላኔ ናት። ሮቤ ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ መዝገብ ክፍል ውስጥ በሙከራ ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነበር። ካላስቀሯት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። አዲስ አበባ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ልጄ በማታውቀው ሰፈር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነው። ያ ቀን ደግሞ የምረቃ ቀን ነበር። የተመራቂዎቹን የምስክር ወረቀት በሙሉ ያዘጋጀችው እሷ ናት።

አንድ ካርድ ላይ ስም ቢገለበጥ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። እኔን ያስደነገጠኝ ገላኔ ራት ላይ ስታስረዳኝ የሰነበተችው ነገር ነው። ማሠልጠኛው ሠራተኞቹ በጋራ የሚሠሩበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አለው። እሷ ከመምጣቷ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ሠንጠረዡን እንደፈለገው ነበር የሚያበጀው። ልብስ ስፌት «ስም» ይላል፣ ከብት ማድለብ «ሙሉ ስም» ይላል፣ የኮምፒውተር ክፍሉ «የሠልጣኝ መጠሪያ» ይላል። አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ልጄ ያንን ሁሉ አስቀርታ ዓምዶቹን ለሁሉም ክፍል እንዲያገለግሉ አንድ ጊዜ ከላይ አዘጋጀች፤ እነሱን ሰብስባም «የሰው መረጃ» የሚባል አንድ የሰነድ ዓይነት አበጀች። መዝገቡም፣ የጥሪ ካርዱም፣ የምስክር ወረቀቱም ስም የሚወስዱት ከዚያው ነው።

«ታዲያ እላይ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ ማለት ነው?» ብያት ነበር።

«እላይ ሲስተካከልም ሁሉም ተስተካከለ ማለት ነው እማ። አንቺ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የምትሰሚው።»

እውነቷን ነው። ሚኒባሱ ውስጥም የሰማሁት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። የእኔ ስም ከተገለበጠ የሁሉም ተገልብጧል።

ደወልኩ፤ አታነሳም። እንደገና ደወልኩ። ከፊታችን ስንዴ ሊያጭድ የሚሄድ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ይንፏቀቃል። ሾፌሩን «ቅደመው እንጂ!» አልኩት። ሲቀድመው ደግሞ ገደል የሚገባ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ማሠልጠኛው በር ላይ ጥበቃው ካርዴን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሀይሉ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አባቴ ነው።»

«ታዲያ አባትዎ ይምጡ እንጂ!» አለና በራሱ ቀልድ እየሳቀ አሳለፈኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስም የሚጠራው መምህር ኤልዳድ ነው፤ ከሐዋሳ ተቀይሮ ከመጣ ገና ወር ስላልሞላው ተማሪውንም ወላጁንም አያውቅም። በሰማያዊ ሪባን የታሰሩት የምስክር ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። ልናገር አፌን ስከፍት ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ከልብስ ስፌት ክፍል፣ ደራራ ዲንቄ!»

ዲንቄ የምትባለው ተመራቂ ከወንበሯ ብድግ አለችና ግራ ገብቷት ተመልሳ ተቀመጠች። ከኋላ ወንበር አባቷ ኦቦ ደራራ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። በሕዝብ ፊት ስማቸው ተጠርቶ እንዴት ይቀመጣሉ? ኮታቸውን እያስተካከሉ ወጡ፣ የዲሬክተሩን እጅ ጨበጡ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣

«እንግዲህ ልብስ ሰፊ ሆኛለሁ፤ የተቀደደ ሱሪ ያለው ያምጣ!» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ለእኔ ግን ያ ሁሉ ሰው በልጄ የሚስቅ ነው የመሰለኝ። በጎን በር ወጥቼ ወደ መዝገብ ክፍሉ ሮጥኩ።

ገላኔ የተረፉትን ሪባኖች ትጠቀልላለች። ስልኳ ድምፁ ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እማ! ምን ሆነሻል?»

ካርዱን ሰጠኋት። አየችውና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ወይኔ! የስሙን አቀማመጥ ፕሮግራሙ ይዞት ከመጣው ነው የወሰድኩት። ፕሮግራሙን የሠሩት ፈረንጆች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ስክሪኑ ላይ ስምና የአባት ስም ለየብቻ ስለሚታዩ ልክ ነበር፤ ሲታተም ነው የሚገጣጠሙት።»

«አለቀልን። ዛሬውኑ ያባርሩሻል።»

«እማ፣ እባክሽ ሪባን ያዢልኝ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። «የሰው መረጃ» የሚለውን ከፈተች፣ ሁለቱን ዓምዶች አቀያየረች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች።

«አለቀ» አለች።

«እኔስ ምን አልኩሽ!»

«ሥራው አለቀ ማለቴ ነው! ነይ እዪ።» የልብስ ስፌቱን የምስክር ወረቀት ከፈተች፤ ዲንቄ ደራራ። የከብት ማድለቡን ከፈተች፤ ጅሩ ማሜ። የኮምፒውተር ክፍሉንም እንዲሁ። ሁሉም እንደየእናታቸው አጠራር ሆነው ተቀምጠዋል። አላመንኩም፤ እንደገና ክፈቺው አልኳት። አሁንም ልክ ነው።

ፕሪንተሩ ማተም ጀመረ። አሁን መብራት ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠፋም። ወረቀት ይጨናነቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ አንዱም ሳይጨናነቅ ተራ በተራ ሞቆ ወጣ። እኔ እየጠቀለልኩ አስራለሁ፤ ከግድግዳው ማዶ የኦቦ ማሜ ድምፅ ይሰማል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከብት ሳደልብ ኖሬ ወረቀት የሰጣችሁኝ ገና ዛሬ ነው? ልጄ ጅሩማ ምን ያውቃል፣ በሬ የሚፈራ!»

ጭብጨባው ግድግዳውን አነቃነቀው።

ቀጥሎ «ሸዋርጋ ናፍቆት» ሲባል አዳራሹ ጸጥ አለ። የናፍቆት አባት ሸዋርጋ በሕይወት የለም፤ አምና ነው የቀበርነው። እኔም ሪባኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ገላኔ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። የናፍቆት እናት ጤቤ ናት፤ ድምጿን የማያውቅ የጎባ ሰው የለም። «ውጪ ልጄ፣ የአባትሽን ተቀበዪ!» ስትል ሰማኋት። ሰው ሁሉ ተከትሏት እልል አለ። ገላኔ እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም እንደዚያው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ዲሬክተሩ አቶ ዘሪሁን ናቸው። ይኸው የፈራሁት መጣ አልኩ በሆዴ። ልለምናቸው ተነሣሁ።

«አቶ ዘሪሁን፣ ልጅ ናት፣ ስህተት…»

«ይቀመጡ እናቴ።» የሳቅ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ገላኔ ዞሩ። «ኤልዳድ ሊሸሽብኝ ነው። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«አስተካክዬዋለሁ። እየታተመ ነው።»

«የየትኛው ክፍል?»

«የሁሉም።»

እሳቸውም እንደ እኔ አላመኑም። ጎንበስ ብለው ሦስቱንም ክፍሎች አስከፈቷት። ቀና ሲሉ ሳቃቸው ቆሞ ነበር።

«አምና የምረቃውን ቀን አሳስተን ጽፈን በየክፍሉ ስንፈልግና ስንደልዝ ነው ክረምቱ የገባው» አሉ። «ስህተቱንስ ማንም ይሠራዋል። ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤሽን ውሰጂ። ግን ከእንግዲህ ከመታተሙ በፊት አንዱን ለእናትሽ አሳዪ። ከእሳቸው ዓይን የሚያመልጥ አይመስለኝም።»

«ሰኞ ሐሳብዎን ቢቀይሩስ?» አልኳቸው፤ ምላሴ ቀደመኝ።

«እማ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርዴን አየት አድርገው «ወይዘሮ ሀይሉ፣ አልቀይርም» አሉና እየሳቁ ወጡ።

አዲሶቹን ወረቀቶች ተሸክመን ገባን። ተመራቂዎቹ እንደገና ተጠሩ፤ በዚህኛው ጊዜ አባትና ልጅ አብረው እየወጡ። ኦቦ ማሜ የፊተኛውን አልመልስም አሉ፤ ማኅተሙ ተሰርዞ ለማስታወሻ ተተወላቸው። በረት ውስጥ እሰቅለዋለሁ፣ በሬዎቼም ይወቁኝ ሲሉ ነበር። ጭፈራው የቆመው ከሳነቴ ተራራ የሚመጣው ብርድ ግቢውን ሲሞላው ነው።

ልንሄድ ስንል አቶ ዘሪሁን የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ለገላኔ አምጥተው ሰጧት። እስካሁን እሳቸው ዘንድ ነበር የሚያድረው።

«አንቺ ዘንድ ይደር» አሏት።

ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ስባ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው።

«ቆለፍሽው?» አልኳት።

«ቆልፌዋለሁ እማ።»

እኔም በሩን ገፋ አድርጌ አየሁት። ተቆልፏል።