ባል የሌለው ቀለበት

ልኬ በምትሠራበት መነጽር ቤት የቤት አከራይዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ አዲሱን መነጽር ከጆሯቸው ጀርባ እያስተካከለች ሳለ፣ የውሃ ቦቴው ሹፌር በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። መነጽሩን እንደ ወትሮው በመዳፉ ይዟል። ብሎኑ ደግሞ ላልቷል ማለት ነው።

"ደህና ዋሉ? እንደምን ከረሙ?" አለ ኮፍያውን አውልቆ። "ባለቤትዎስ?"

"ደህና ነው። ትንሽ ይቀመጡ፣ እትዬን ልጨርስና እመጣለሁ።"

ልኬ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ደንበኛ ፊት ላይ ፍሬም ባሳረፈች ቁጥር "ልክ ነው?" ስለምትል፣ ከኋላ ክፍል ሌንስ የሚሞርዱት ባለሱቁ ያወጡላት ነው። ሥራዋ ከሰው ፊት በአንድ ስንዝር ርቀት ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን በማስመሪያ ትለካለች፣ ፍሬሙን አፍንጫ ላይ ታስተካክላለች። ከወንድ ደንበኞቿ ግማሾቹ ታዲያ ይህ ሁሉ መጠጋት ለእነሱ ሲባል የተደረገ ይመስላቸዋል። አንዱ ስልኳን ይጠይቃል፤ ሌላው ሽቶዋን ያደንቃል፤ አንዱማ ብሶበት እጇን ለቀም አድርጎ አልለቅም ብሏት ነበር። በማግስቱ ከመንገድ ዳር ጌጥ ሻጭ አንድ የነሐስ ቀለበት ገዝታ በግራ እጇ የቀለበት ጣት ላይ አጠለቀች። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ባል ቀርቶ እጮኛም አልነበራትም።

ቀለበቱ ሳይታሰብ ቤትም አስገኘላት። አከራይዋ ሴተ ላጤ አላስገባም ባይ ናቸው። ጣቷን አይተው "ባልሽ የት ነው?" ሲሏት፣ "መሐንዲስ ነው፣ ሩቅ አገር መንገድ ይሠራል" አለቻቸው። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበደ። መሐንዲሱ ሹመት አግኝቷል፣ ሳንባውን ታሞ ድኗል፣ ሊመጣ ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ ድልድይ ተደርምሶበት ሳይመጣ ቀርቷል። አከራይዋ አንዳንዴ "ይሄ መንገድ ግን አያልቅም እንዴ?" ይላሉ።

ነገሩ የባሰው ሹፌሩ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ነው። አርባ የሞላው ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ሚስት አግብቶ አያውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ብሎኔ ላላ እያለ ይመጣል። የብሎኑ ራስ በቢላ ጫፍ የተፋቀ ስለሆነ፣ ራሱ እያላላ እንደሚያመጣው ልኬ ካወቀች ቆይታለች። እሱ ግን ቀለበቷን ያያል፣ የባለቤቷን ጤና ይጠይቃል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ባለጌዎቹ ዛሬም ስልኳን ይጠይቃሉ፤ ቀለበቱ ያስቆመው እሱን ብቻ ነው። ልኬ ትወደዋለች። ሳምንቱን የምትቆጥረው በዚያ ብሎን ነው።

ዛሬ ብሎኑ ከጠበቀለት በኋላም ሹፌሩ አልተነሳም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያዟዙራል።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር" አለ። "ባለትዳር ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ ነው። እህቴ አንዲት ልጅ አግኝታልኛለች፤ ጨዋ ልጅ ናት ይላሉ። እህቴ ዛሬ ማታ መልሴን ትጠብቃለች። እሺ ካልኩ ቀለበት ልገዛ ነው፣ ግን የሚታሰረው የትኛው ጣት ላይ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አንዱ ቀኝ ይላል፣ አንዱ ግራ። ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው።"

ልኬ ካቻቪቴውን ሣጥኑ ውስጥ ልትከት ሁለቴ ሳተች። አከራይዋ ግን ይህን የመሰለ ጥያቄ ካገኙ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

"ይሄ ምን ይጠየቃል?" አሉ አዲሱን መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው። "የግራ እጅ ነዋ፣ ከትንሿ ቀጥላ ያለችው። የልብ ሥር ያለው እሷ ላይ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። በቀኝ የሚያስሩም አሉ፤ እኔ ለእጮኝነቱ በቀኝ አስሬ፣ የሠርጌ ዕለት ነው ወደ ግራ ያዞርኩት። ባሌ ሲሞት ወደ ቀኝ መለስኩት፣ ይኸው። የመሐል ጣት ለጌጥ ነው። ሌባ ጣቱ ላይ ያደረገ እዩኝ ባይ ነው። አውራ ጣቱ ላይ ያደረገውን ደግሞ እኔ ቤት አላስገባም።" ከዚያ ወደ ልኬ ዞሩ። "ምነው ዝም አልሽ ልጄ? እጅሽን አሳዪው እንጂ።"

ልኬ ግራ እጇን ዘረጋች። ሹፌሩ ሳይነካት ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይቺ ናት ማለት ነው?"

"ይቺ ናት" አለች። "ልጅቷን ወደዷት?"

"ገና አላየኋትም። ልቤ ያሰባትስ ሌላ ነበረች" አለ ከጣቷ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል። "ግን የሰው ናት።"

እውነቱን ብትናገር፣ ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ለደጅ ዞራ ያገኘችው ቤት ባለቤት እዚሁ አጠገቧ ጆሯቸውን ቀስረው ተቀምጠዋል። ሹፌሩም ቢሆን ፊት ለፊቱ ስትዋሽው እንደነበር ያውቃል። ዝም ብትል ደግሞ ማታ እሺ ይላል፣ አለቀ። መሐንዲሱን ዛሬውኑ ልግደለው ይሆን ብላም አሰበች፤ ያኔ ደግሞ አከራይዋ ለቅሶ ተቀመጪ ይሏታል።

ቀለበቱን ይዛ ጎተተችው። ከሥሩ ጣቷን የዞረ አረንጓዴ መስመር ቀረ።

"ባል የለኝም" አለች። "ኖሮኝም አያውቅም። ቀለበቱን የገዛሁት ራሴ ነኝ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከኋላ ክፍል የሞረዱ ድምፅ ቆመ። ሹፌሩ ቀና አለ።

"መሐንዲሱስ?"

"የለም።"

"ሳንባውን ታሟል ስትዪኝ ጸልዬለታለሁ እኮ" አለ። አንቺ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። "መኪና እየነዳሁ፣ በየመንገዱ።"

ልኬ ይቅርታ ማለት ፈልጋ ነበር፣ ግን ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ሹፌሩ መነጽሩን አድርጎ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ወዲያው የቦቴው ሞተር ተነሳ፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

አከራይዋ ቀለበቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። አገላብጠው አዩት።

"ነሐስ" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ያለ ወርቅ ነው እያልኩ ስቀና ነበር።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። ክፉ ተከራይ አይደለሽም። የጎረቤቱን አፍ ፈርቼ ነው እንጂ እኔ ላጤ ሴት ምን አደረገችኝ? መነጽሬም አዲስ ነው፣ ገና አልለመድኩትም። ያየሁትን አላየሁም ማለት እችላለሁ። መልሰሽ አጥልቂውና ማታ ወደ ቤትሽ ነይ።"

"አይሆንም እትዬ። በወሩ መጨረሻ እለቅልዎታለሁ።"

"ሰውየው እኮ ሄደ፣ አንቺ። ማታ ለእህቱ እሺ ቢላትስ? ተመልሶ ባይመጣስ?"

"ባይመጣም" አለች ልኬ።

ቀለበቱን ከእጃቸው ተቀብላ፣ የተሰበሩ ፍሬሞች የሚጣሉበት ካርቶን ውስጥ ጨመረችው። ደጃፉ ላይ አንድ ጎልማሳ ተራውን ይጠብቃል። "ይግቡ" አለችው። ሰውየው ፊቱን ቀና አድርጎ ተቀመጠ፤ እሷም ማስመሪያዋን ቀለበት በሌለው እጇ አንስታ ተጠጋችው።