የግብረገብ ምሳሌ

«ከመጽሐፉ አትገልብጪ፤ በዓይንሽ ካየሽው ምሳሌ ስጪ» ሆሳዕናን ያለቻት ራሷ መምህርት ወለተጻድቅ ነበረች።

ወለተጻድቅ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ግብረገብ ታስተምራለች፤ የጠዋቱን ሚኒ ሚዲያም የምትመራው እሷ ናት። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ እንደተሰቀለ የስድስተኛ ክፍሏ ሆሳዕና ማይኩን ያዘች። ከመንገዱ የሚመጣው የታክሲ ክላክስ እየተሻማት «ግብረገብ ማለት ክፉና ደጉን ለይቶ፣ ማንም ባያይም ደጉን ማድረግ ነው» ስትል አነበበች። ምሳሌዋንም አስከተለች፦ «በሞዴል ፈተና ዕለት የሒሳቡ መልስ ሰሌዳ ላይ ተጽፎልን ነበር። ሳይገለብጡ የወጡ ልጆች ነበሩ።»

ሰልፉ በፉጨት ቀለጠ።

ረፋዱ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ግሩም መምህርቷን፣ ልጅቷንና እናቷን ወይዘሮ ሸዋገነትን ቢሮ ጠሩ። መልሱን ያስጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ወለተጻድቅ ታውቃለች።

«ልጅዎ ግብረገብ የላትም» አሉ እናትየውን። «የቤታችንን ገመና በማይክ! ነገ በሰልፉ ፊት ዋሽቻለሁ ብላ ይቅርታ ትጠይቅ። አለዚያ ለከተማ አቀፉ ፈተና አትቀመጥም።»

«ምሳሌ ስጪ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች ወለተጻድቅ። «ቅጣቱ ለእኔ ይሁን።»

«ላንቺም አለልሽ፤ አትቸኩዪ።»

«ልጅቷ የተናገረችው እኮ እውነት ነው።»

«እውነት አይደለም አልኩ? ግብረገብ የለውም ነው ያልኩት።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ብድግ አለች። «ትጠይቃለች ጋሼ! እግርዎ ላይ ልውደቅ፤ ብቻ ልጄን ከፈተናው አያስቀሩብኝ።»

ወለተጻድቅ ክፍለ ከተማ ሄዳ ለማመልከት አሰበች። ግን ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ አቤቱታዋ እስኪታይ ያልፋል። ዓመቱን የምትደግመው ደግሞ ልጅቷ ናት።

ከሰዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያዋ ጠባብ ክፍል ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ።

«ቲቸር፣ ዋሽቻለሁ ካልኩ በኋላ የግብረገብን ትርጉምም ላንብበው?»

«አዎ፤ አቶ ግሩም ይነበብ ብለዋል።»

«ምሳሌውስ?»

ወለተጻድቅ ወረቀቱን ተቀብላ ምሳሌውን ሰረዘችው።

በማግስቱ ሆሳዕና ሰልፉ ፊት ቆመች። «ትናንት ዋሽቻለሁ። ይቅርታ» አለች፣ ጫማዋን እያየች። ከዚያ ትርጉሙን ጀመረች። «ማንም ባያይም» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ሰለለ።

«ጨምሪላት እንጂ!» አሉ አቶ ግሩም ከኋላ።

ወለተጻድቅ እጇን ወደ ድምፅ ማጉያው ሰደደችና ጨመረችላት።