የጨው መኪናው ሻንሲ

እኛ መንደር፣ በጨው ሜዳው ዳር ባለችው ኮልቻኒ፣ የጨው መኪና ያለው ሰው ግማሽ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነው። ፌርሚን ቾኬ ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር። ከጨው ሜዳው ጭኖ በተመለሰ ቁጥር፣ ምሳ ሳይቀምስ፣ በበርሜል ያስቀመጠውን ጨው የሌለበት ውሃ እየረጨ ሻንሲውን፣ መኪናውን የተሸከመውን የብረት አጽም፣ ያጥባል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀብቶ፣ ጥቁር ቀለም ይደርብበታል፤ ቀለሙ ሲጠነክር የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኖ ይረጭበታል። ሚስቱን ፕሩደንሲያን እንዲህ አሽቷት እንደማያውቅ እየነገርን እናበሽቀው ነበር። እሷን ጨው አይበላትም ይለንና ተመልሶ ይተኛል።

መኪናው የእሱ ብቻ አልነበረም። አባታቸው ለእሱና ለታናሽ ወንድሙ ለኢላሪዮን ነው የተወላቸው። በየተራ ይነዱታል። እናታቸው ዶኛ ኢግናሲያ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ግቢ ትኖር ነበር። ኢላሪዮን ሳቂታ ነው፤ ሲነዳ ያፏጫል፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ይቆልፋል። ከሁለቱ ጠንቃቃው ማን ነው ቢባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ፌርሚን ይቀስር ነበር።

አንድ ዓመት ሻንሲው ከጭነት ብዛት መጉበጥ ጀመረ። የሰፈራችን በያጅ ካሲያኖ ክፍት የነበረውን የብረቱን ጎን በላሜራ ዘጋው፤ ብረቱ እንደ ቧንቧ ሆነ። ከሥሩ ግን ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተወ። ፌርሚን ቀዳዳዎቹን አልወደዳቸውም። ጨው በዚህ ይገባል ብሎ አንድ በአንድ ሬንጅ ጠቀጠቀባቸውና ቀለም ቀባቸው። ኢላሪዮን አጠገቡ ተጋድሞ ባትሪ እያበራለት ነበር።

«የገባው ውሃስ በየት ይውጣ?» አለው።

«አንተ በደንብ ካጠብከው ምን ውሃ ይገባል?»

ኢላሪዮን ትከሻውን ነቀነቀ። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሜዳው ውሃ በተኛበት ወቅት፣ በኢላሪዮን ተራ፣ ሻንሲው ከጋቢናው ኋላ ተሰበረ። ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ኡዩኒ ከተማ በመሄድ ላይ ነበር። መኪናው መሃሉ ላይ ታጠፈ፤ የኢላሪዮን እጅ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ ወዲያው አበጠ። ፌርሚን ከእኛ ጋር በሌላ መኪና ደረሰ። ወንድሙ እጁን በሻርፕ ጠቅልሎ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ፌርሚን አልፎት ሄዶ ከመኪናው ሥር ተንበረከከ። ከውጭ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ስብራቱ ላይ ግን ብረቱ ዝገት ብቻ ሆኗል።

ግቢያቸው ስንደርስ፣ በእናታቸውም በእኛም ፊት፣ «አባታችን የተወልንን በስንፍናህ በላኸው» አለው።

«አጥቤዋለሁ» አለ ኢላሪዮን። «ሁልጊዜ አጥቤዋለሁ።»

ዶኛ ኢግናሲያ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ለታናሹ፣ የወንድምህን ግማሽ ያህል እንኳ ብትጠነቀቅ ምን ነበረበት አለችው። ኢላሪዮን እጁ ሳይሽር ሚስቱን ዴልፊናንና ልጆቹን ይዞ ወደ ቆላ፣ ወደ ያፓካኒ ወረደ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ፌርሚን ከመኪናው ሥር ነበር።

ካሲያኖ ያን ሰሞን ታሞ ስለነበር አንድ የኡዩኒ በያጅ ስብራቱን ከውጭ ብረት ለጥፎበት ሄደ፤ ውስጡን ያየ አልነበረም። ፌርሚንም በአዲስ ሬንጅና በአዲስ ቀለም አሸገው። ከዚያ በኋላ ብቻውን ነዳው፣ ብቻውን አጠበው።

አንድ ክረምት ዶኛ ኢግናሲያ ሞተች። ፌርሚን ለወንድሙ መደወል ነበረበት። ዛሬ ነገ ሲል፣ ቢነገረውም አይመጣም ሲል፣ መልእክቱ ኢላሪዮን ዘንድ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። እኛም አጉረመረምን እንጂ ፊት ለፊት የተናገረው አልነበረም።

ከዚያ ሻንሲው እንደገና ተሰበረ። በበጋ፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ ቆሞ ጨው እየተጫነበት ሳለ። ሊወቀስ የሚችል ሌላ ሹፌር የለም። በዚህ ጊዜ ካሲያኖ መጥቶ ላሜራውን በእሳት ቆረጠው።

«ዶን ፌርሚን፣ ይምጡና ይዩ» አለ።

ከውስጥ እርጥብ ጨውና ጭቃ ተጋግሮ እየተቆረሰ ወደቀ። ብረቱ በጥፍር ሲነካ ይላጣል፤ ቅርጹን ይዞ ያቆየው የውጭው ቀለም ብቻ ነው የሚመስለው።

«ውሃው በብሎኖቹ በኩል ገብቷል» አለ ካሲያኖ። «መውጫ አጥቶ ነው።»

ሌላ አልጨመረም። ፌርሚን ከዚያ ጭቃ አንድ እፍኝ ዘግኖ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጠራነው፤ ቀና አላለም። ፕሩደንሲያ የላማ ሥጋና የኪኑዋ እህል ቅቅል አቀረበችለት፣ ሳይነካው ቀዘቀዘ።

በዚያው ሳምንት ወደ ያፓካኒ ወረደ። የሆነውን ቆይቶ ራሱ ነግሮኛል። ሙቀቱ አፍኖት፣ የሱፍ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ፣ ወንድሙን ሩዝ ማሳ ውስጥ አገኘው። የኢላሪዮን ፀጉር ሸብቷል። ያ የተጎዳው እጅ ጣቶቹ በደንብ አይታጠፉም፤ ማጭዱን በሌላኛው ነበር የያዘው።

ፌርሚን በመንገድ ሁሉ ያሰበውን ንግግር ረሳው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብቻ አለ። «ቀዳዳዎቹን የደፈንኩት እኔ ነኝ። አንተ አጥበኸው ነበር።»

ኢላሪዮን ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ ይህን አውቃለች?»

«አላወቀችም። እኔም ያወቅኩት አሁን ነው።»

«ሰነፍ ነው እንዳለች ሞተች ማለት ነው።»

 ኢላሪዮን አልተቆጣም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብሎኛል ፌርሚን። ቤቱ ወሰደው፤ ዴልፊና የተቀቀለ የዩካ ሥር አቀረበችለት፤ ልጆቹ እንደ እንግዳ አዩት። ተመለስ፣ አዲስ መኪና አብረን እንገዛለን ቢለው፣ ኢላሪዮን ልጆቼ ብርድ አያውቁም፣ እኔም ረስቼዋለሁ አለው። ሲመለስ እስከ አውቶቡሱ የሸኘችው ዴልፊና ናት። የሚለው ጠፍቶበት ነው፣ ደግመህ ና አለችው።

ደግሞ ሄደ፤ ከአንዴም ሁለቴ። አሮጌውን መኪና ለብረት አቅላጮች ሰጠውና ለሌላ ሰው ተቀጥሮ መንዳት ጀመረ። የዚያን ሰው መኪና ያጥባል፣ ይቀባል፤ ግን እንደ ድሮው ቀልድ ስንወረውርለት አይመልስልንም።

ባለፈው የሙታን መታሰቢያ ቀን ኢላሪዮን ብቻውን መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፌርሚን ጃኬቱን አውልቆ ሰጠው፤ ተቀበለው። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ኢላሪዮን ዳቦውንና አበባውን አስቀምጦ ጀርባውን ሰጠን፣ ከእናቱም ጋር በኬችዋ ቋንቋ ብዙ አወራ። ፌርሚን አብሮት አልገባም። የመቃብሩ ግቢ በር ላይ በሸሚዝ ቆሞ ጠበቀው። ነፋስ ስለነበር ኢላሪዮን እናቱን የሚላትን ማናችንም አልሰማንም።