ባቡር ቤት

ረውዳ ከጄኔቫ ዙሪክ የመጣችው አንድ ነገር ቁርጡን ለማወቅ ነው፦ ወንድሟ ያሲር አለ ወይስ የለም? ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር ያለችው አሠሪዋ ዕረፍት ስትፈቅድላት ፊቷን አጨማዳ ነበር። ታጨማደው!

ያሲር በፈረንጆቹ ዘጠና፣ በሚያዝያ፣ ከዙሪክ አዲስ አበባ ለነበረችው ረውዳ ደውሎ «አታስቢ፣ ባቡር ቤት ነው የማድረው፤ ብርድ አይነካኝም» አላት። ረውዳ በልጅነቷ ለገሃር አክስቷ ቤት የገባች ልጅ ናትና፣ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ላለችው እናታቸው «ባቡር ጣቢያ ያድራል» ብላ ላከችባት። ከዚያ ወዲያ ደብዛው ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ዙሪክ የዕቃ ባቡሮች ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ፉርጎ ተቃጥሎ፣ ውስጡ የተኛው ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ ተቀበረ። ግቢውም ፈርሶ ዛሬ መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ቆሞበታል። ወሬው ሐይቅ ሲደርስ እናትየዋ እርሟን አላወጣች፣ ተስፋዋን አልቆረጠች፤ ስድስት ዓመት እንዲሁ መሀል ላይ ተሰቅላ ቀረች።

አስተርጓሚዋ ዙሪክ የከረመው የወሎ ሰው፣ ጋሽ መሐመድሰዒድ ነው። የከተማው መዝገብ ቤት ሠራተኛ የግቢውን አሮጌ ካርታ ዘረጋችላቸው። ረውዳ ሐዲድ ሐዲዱን በጣቷ ተከተለች። ሠራተኛዋ እንደነገረቻቸው ባቡሮቹ የሚያድሩባቸው ቤቶች ሁሉ ዘበኛ ነበራቸው፤ ሰው አያስገቡም።

«እንግዲህ የቀረው ፉርጎው ነው» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ካርታው ጥግ ላይ ያለች ቤት ላይ አፈጠጠ። «ወፍጮ ቤት ይላል» አለ። «ቆይ እስቲ፣ ልጁ ያደገው የት ነው?»

«ገጠር፣ ሐይቅ አጠገብ፣ ከእማዬ ጋር።»

«አንቺ የለገሃር ልጅ! እኛ አገር ባቡር የምንለው ወፍጮን ነው እኮ! እህል ባቡር ቤት እናስፈጫለን እንጂ ሐዲድ የት አየንና? ወንድምሽ ወፍጮ ቤት ነበር የሚያድረው!»

ረውዳ እዚያው እልል አለች። ሠራተኛዋ ደንግጣ ብድግ አለች፤ ረውዳ ግን ማንን ልታይ! ሮጣ ወጥታ ከመንገድ ስልክ ሐይቅ፣ የእናቷ ጎረቤት ቤት ደወለች፤ እናቷን አስጠራች።

«እማዬ፣ የተቃጠለው እሱ አይደለም! ፉርጎ ውስጥ አልነበረም!»

እናትየዋ ጮኸች፤ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። ረውዳ እያለቀሰችም እየሳቀችም ተመለሰች።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ሠራተኛዋ ኋላ ያመጣችው ፎቶግራፍ ላይ እጁን ጭኖ ተቀምጧል። «ይበቃናል እኅቴ፣ እንሂድ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ምንድን ነው? እጅዎን ያንሱታ!»

ፉርጎው ከመቃጠሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ፣ የተነሣ ነው። በረዶ ጥሏል። ወፍጮ ቤቱ ቀድሞ ፈርሶ የጡብ ክምር ሆኗል። ከፊቱ አሮጌ ፉርጎ ቆሟል፤ በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ የዱቄት ጆንያ ተከናንቦ ለካሜራው ይስቃል። ቁርጥ እናቱን! ያሲር ነው። ያደረበት ቤት ፈረሰበትና ፉርጎ ገባ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ረውዳ ፎቶግራፉን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እኔ ልደውልላት?» አላት ጋሽ መሐመድሰዒድ።

«የነገርኳት እኔ ነኝ» አለችና ወጣች።

ስልኩን የእናቷ ጎረቤት ፋኢዛ አነሣችው። ከጀርባዋ ቤቱ በሰው ይንጫጫል። «ረውዳዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! በግ እያሳረደች ነው እኮ! ቆይ ላቅርብልሽ!»

እናቷ እያለከለከች ስልኩን ያዘች። «እኮ ንገሪኛ» አለች እየሳቀች፣ «የት አገኘሽው?»