አራት ጊዜ የምትለቅ መኪና

ገመዱ ሳይበጠስ፣ ቤንዚኑ ሳያልቅ፣ ማንም ሳያዛት መኪና በደልዳላ ሜዳ ላይ ፍጥነቷን ለምን ትለቃለች? ይሄይስ ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክሞት ዞረ። ስድስት ዓመት ጀርመን አገር ሞተር ተምሯል። እንዲያም ሆኖ በፍኖተ ሰላም መልስ ያጣው እሱ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው ሁሉ የየራሱ መልስ ነበረው።

መኪናዋ የፊታውራሪ እጅጉ ናት፤ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ አዲስ አበባ ላይ የሸጠላቸው ረጅም ነጭ የአሜሪካ መኪና። ከመሪው አጠገብ አንዲት ቁልፍ አለቻት። የፈለጉት ፍጥነት ላይ ደርሰው ቁልፏን ሲጫኑ ያንኑ ፍጥነት ይዛ ትሄዳለች፤ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ መቀመጥ ነው። ፊታውራሪ "በቅሎ እንኳ ካልኮረኮሯት አትሄድም፤ ይህች ግን አንዴ ከነገሯት በቃት" እያሉ ለቡሬ መኳንንት አውርተው ጨርሰዋል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ግን አራት ጊዜ ትለቃለች።

ዘመኑ 1958 ዓ.ም.፣ ወሩ መስከረም ነው።

"ለመስቀል ቡሬ ስወርድ ሳትለቅ ካደረሰችኝ፣ መንገድ ዳር ያለችውን ቦታ ለጋራዥ እሰጥሃለሁ" አሉት ፊታውራሪ። "ካላደረሰችኝ የእህቴ ልጅ ለጠጅ ቤት ሲለምነኝ ከርሟል።"

ይሄይስ መሣሪያውን ፈታ። ሽቦውን ፈተሸ፣ አቧራውን በቤንዚን አጠበ፣ መልሶ ገጠመ። ብቻውን ወደ ጂጋ ነዳት። ዓይኑን ከፍጥነት መቁጠሪያው ሳይነቅል ደርሶ ተመለሰ፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ደስ ብሎት ለሹፌሩ ለላቀው አስረከበው። ላቀው ወደ ቡሬ ነዳት፤ አራት ጊዜ ለቀቀች።

ላቀው ሃያ ዓመት የፊታውራሪን በቅሎ ሲስብ ኖሮ ወደ መሪ የተሻገረ ሰው ነው።

"ልጅ ይሄይስ፣ ለአንተ ትታዘዛለች፤ ለእኔ እምቢ ትላለች። በጀርመንኛ ነው እንዴ የምታናግራት?"

"ጋሼ ላቀው፣ የት የት ላይ ነው የለቀቀችዎ?"

"እኔ ምን አውቄ፤ ደስ ባላት ቦታ።"

ከፊታውራሪ ግቢ ምሳ የማይቀሩት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ጉዳዩን ከሥሩ አዩት። "ጠበል አልነካትም። ያልተጠመቀ ቃሉን አይጠብቅም።"

"ለእኔ ጠብቃለች እኮ፣ የኔታ።"

"አንተም ጾም ከተውህ ስድስት ዓመትህ ነው ይባላል። ብትመሳሰሉ ነው የተግባባችሁ።"

ጠበል ተረጨች። ቡሬ እስክትደርስ አራት ጊዜ ለቀቀች። "ቁጥሯን እንኳ አላጓደለችም" አለ ላቀው።

ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀር ይሄይስ እፍረቱን ትቶ፣ ባትሪ ይዞ፣ ከላቀው እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ። ፊታውራሪና መሪጌታ ከኋላ ተቀመጡ። ከከተማው ወጡ፤ ላቀው ቁልፏን ተጫነና እግሩን አነሣ። ጥቂት እንደ ሄዱ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ታየ። ላቀው ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ እግሩ ቀስ ብሎ ሄዶ ፍሬኑን ዳሰሰ። መኪናዋ ለቀቀች።

ፍሬን ሲነካ ወዲያው እንድትለቅ ነው የተሠራችው፤ አለዚያ ሰው ትጨርሳለች። ላቀው ደግሞ ጌታው እንዲሳለሙ በየቤተ ክርስቲያኑ በራፍ በቅሎ ሲያቆም ነው የኖረው። በቀሩት ሦስት ቤተ ክርስቲያኖችም የላቀው እግር ያንኑ ሲያደርግ ይሄይስ አየ። አራተኛው ላይ ተነሥቶ ያየውን ነገራቸው።

"ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረውን እግር አንተ ልትነግረኝ ነው?" አለ ላቀው።

"ታዲያ ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም?" አሉ ፊታውራሪ።

"አይደለም፣ ጌታዬ። የመሳለሙ ነው።"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አትሳለሙ በለን እንግዲህ።"

"ኧረ የኔታ፣ ራስ ጎንበስ ይበል፤ እግር ብቻ ባለበት ይቀመጥ።"

"ግማሽ ስግደት ጀርመን አገር እንዳለ እንጃ።"

ፊታውራሪ አሰቡበት። "እስኪ አንተው መልሰን" አሉት።

ይሄይስ መሪውን ያዘ። አሁን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ሦስቱን ቤተ ክርስቲያኖች ቀጥ ብሎ አለፋቸው፤ ላቀው ከጎኑ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ የሚካኤል ጽድ ብቅ አለ። ይሄይስ ክርስትና የተነሣበት፣ አባቱም የተቀበሩበት ደብር ነው። ጎንበስ አላለም፤ ከንፈሩም አልተንቀሳቀሰም። መኪናዋ ለቀቀች።

ወደ ታች ቢያይ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው።



"እግርህ ሳይማር ነው ጀርመን የለቀቀህ" አሉ መሪጌታ።

ፊታውራሪ ከተማ ሲገቡ ፈረዱ። "እንግዲህ ሠሪዎቿን ጠይቃቸው። እየተሳለምን ሳትለቅ የምትሄድበትን ብልሃት ይንገሩህ። መልሱ እስኪመጣ ቦታውን ያዝ፤ የመጣ ዕለት እንነጋገራለን።"

"የእህትዎ ልጅስ?"

"እሱም መልሱን ይጠብቅ።"

ደብዳቤውን እኔ ካልጻፍኩ ያሉት መሪጌታ ናቸው። በቀይና በጥቁር ቀለም ሦስት ገጽ ሞሉ፤ አንዱ ገጽ ሰላምታ፣ ሁለቱ ገጽ የአራቱ ደብሮች ስምና ክብር። ስለ ፍሬኑ ግርጌ ላይ አንድ መስመር አለች። "ወደ ቋንቋቸው መልሰህ ላከው" አሉት ፊታውራሪ። ይሄይስ ማታ ሁለት ጊዜ አነበበው። እንዲህ ያለ አማርኛ ማበላሸት አሳዘነው። እንዳለ አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተው፤ አድራሻውን ብቻ በፈረንጅ ፊደል ጻፈና በማግስቱ ላከው።

ጋራዡ በጥቅምት ተከፈተ። ነጯ መኪና በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊታውራሪ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "መጣ?" ይላሉ።

"አልመጣም፣ ጌታዬ።"

"እነሱም የሚያስቡበት ነገር ነው" ይላሉና ያልፋሉ። በሦስተኛው ዓመትም አልመጣም ነበር።