አክስቴ ያለበሷቸው ችግኞች

የላይኛው ተዳፋት ችግኞች መገርጣት ሲጀምሩ ለማንም አልተናገርኩም። ማለዳ ማለዳ ብቻዬን እየወጣሁ ቅጠላቸውን በጣቶቼ መሃል ዳሰስ አደርጋለሁ። ቢጫው ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያው ቀን ታች የተከልናቸው ግን ጉልበቴ ድረስ ደርሰዋል።

የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ነኝ። የእነዚህን የአገር ዛፎች ዘር ከገደል ሥር ለቅሜ፣ በጥቁር ላስቲክ አፈር ሞልቼ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ከተዳፋቱ በላይ ቁራጭ የጥንት ደን አለ፤ ከሸለቆው በታች ደግሞ ሌላ። በላይኛው ደን ጀርባዋ አረንጓዴ የሆነ ትንሽ ወፍ ትኖራለች፤ ዘሯ እየተመናመነ ነው። ገላጣ መሬት አትሻገርም። ሁለቱን ደኖች የሚያገናኝ ዛፍ ካልቆመላት እዚያው ታልቃለች።

ተዳፋቱ ግጦሽ ነበር። ባለከብቶቹ ችግኙ ካልያዘ መልሰው ሊከፍቱት ዘግተው ሰጡን። መያዝ አለመያዙን መጥተው የሚያዩት ነገ ነው። እነሱን ተከራክረው ያሳመኑት አክስቴ ናቸው፤ የባለከብቶቹ ሊቀመንበር ደግሞ የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ነው።

«ምነው እህል አልወርድልሽ አለ?» አሉኝ አክስቴ በምሳ ሰዓት።

«ምንም አልሆንኩ፣ እትዬ።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ጥፍሩን ምሳ አያደርግም።»

ሳህኔን ትቼ ወጣሁ። በጣም የገረጣውን መርጬ ዙሪያውን በእጄ ቆፈርኩ። ጣቴ የሚያንሸራትት ነገር ነካ። ላስቲኩ አልወለቀም። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ እየዞረ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል። አጠገቡ ያለውን ቆፈርኩ፤ እሱም ያው። ይህን ወገን ያስተከሉት አክስቴ ናቸው፤ እኔ ያን ቀን ታች ነበርኩ።

ስመለስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይጠግናሉ።

«እትዬ፣ ስትተክሉ ላስቲኩን አላወለቃችሁም?»

«ለምን ይወልቃል? እዚያ ላይ ያለውን ብርድ ታውቂው የለ! የታችኞቹስ ይሞቃቸዋል። እነዚህ ግን ገና ጨቅላ ናቸው፣ ልብሳቸውን ተዉላቸው አልኩ።» ፈገግ አሉ። እሳቸው ካሉ ደግሞ ማን ይከራከራል?

«ሥሩ መውጫ አጣ።»

መርፌው ቆመ። «ሁሉም?»

«ሁሉም ይመስለኛል።»

«ተባይ ነው ብንልስ?»

«ተባይ ካልን ዛፉ ለዚህ ቦታ አይሆንም ይሉና ይከፍቱታል። ላስቲኩን ብንቀድ ግን የሚተርፍ ይኖራል። ለሁለት አንችለውም፣ እትዬ፤ ሰው ያስፈልገናል። ደግሞ ሥራቸው ሲነካ ይጠወልጋሉ፤ ነገ ከዛሬ የባሱ ሆነው ነው የሚታዩት።»

ሹራቡን አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት።

«ወንድሜ እስክሞት ነው የሚስቅብኝ» አሉና ተነሡ።

አጎቴን ያገኘነው ከብት ሲያጠጣ ነው። አክስቴ ዙሪያ ጥምጥም አላሉም፤ አንድ በአንድ ነገሩት። የአጎቴ ሳቅ ላሞቹን ከገንዳው አስደነበራቸው።

«እታለም፣ ካልሲስ ለምን አላጠለቅሽላቸውም?»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ስትጨርስ ቢላህን ይዘህ ና።»

«ነገ ያልኩት ግን ነገ ነው፤ ቀን አልገፋም።»

«ማን ግፋ አለህ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ምላጭም ቢላም ይዞ ወጣ። አጎቴም መጣ። ላስቲኩን እየቀደድን፣ የተጠቀለለውን ሥር እየፈታን፣ አፈር መለስንበት። አክስቴ ቀና ብለው ሰው አላዩም። ጀንበር ስትጠልቅ ቅጠሎቹ መጠውለግ ጀመሩ።

ጠዋት ተዳፋቱ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀን። ባለከብቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እነዚህማ ሞተዋል» አለ አንዱ።

«ደንግጠው ነው» አሉ አክስቴ።

አጎቴ ተንበረከከና የአንዷን ግንድ በጥፍሩ ፋቀ። ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ወጣ። ጥፍሩን አየ፣ እህቱን አየ፣ ሄዶም የአጥሩን በር መልሶ ቀረቀረው።

«እስከሚቀጥለው ዝናብ» አለ። «ያኔ ካልያዙ ግን ብትለማመጪኝም አልሰማሽም።»

ሰዎቹ ወረዱ። አክስቴ ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር ቁጭ ብለው እፍኝ እፍኝ ደረቅ ሣር ያለብሳሉ፤ አሁን ከላይ ብቻ። ከላይኛው ደን ጫፍ ወፏ ትጮኻለች፣ ዝም ትላለች፣ ትጮኻለች። የሁለተኛዋን ችግኝ ግንድ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ልፍቃት ብዬ ነበር፤ አረንጓዴ ባይወጣስ ስል ጥፍሬ እምቢ አለኝ።