ያልታሰረው ሽቦ

«አንድ ደቂቃ ጋሼ፣ ሽቦውን ልሰርልዎ» አለ ቦጋለ፣ ጉጠቱን በዓይኑ እየፈለገ።

ገዢው ጋሽ ገብረ ኢየሱስ አዲሱን የከሰል ምድጃ እንዳቀፉ አንድ እግራቸው መንገድ ላይ ነበር። «ተወው ልጄ። ሴት ልጄ ትናንት ተገላግላ ገንፎ እንኳ የሚሠራበት ምድጃ የላትም። ታክሲው ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

«እንግዲያውስ ይሂዱ፤ ማን ይነካዎታል!» ቁራጯን ሽቦ ኪሱ ከተታት።

ማን ይነካዎታል! ወይ አፍ! ምን አለሽ ተራ ውስጥ የተሸጠ ዕቃ እጀታው ላይ ሽቦ ይታሰርበታል። ሽቦ የሌለው ዕቃ ይዞ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ሌባ ነው፤ ማንም ቆሞ አይጠይቅም። ይህን ከቦጋለ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሃያ ዓመት ቆርቆሮ ቀጥቅጦበታል።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ «ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ቦጋለ ባለፈው ሳምንት ሦስት ምድጃ ተሰርቆበታል። ደሙ ፈላ። መዶሻውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ሌባ!» እያለ ሮጠ፤ ሱቁም፣ ደጁም፣ መንገዱም ተቀበለው።

መጀመሪያ በትከሻው እየገፋ ገባ። ኋላ የሚገፋው እሱ ይሁን የሚገፉት ሌሎች አልለየውም። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር እኮ! ሚስቱ ፋና እንኳ ስንቴ ስቃበታለች። ያ ሰው የት እንደገባ እንጃ። «በለው!» ሲሉ «በለው!» አለ። ስም የለው፣ ልጅ የለው፣ ነገ የለው፤ ቅልል አለው። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስም አለው። መዶሻውን አነሣ።

መሬት የወደቀው ሰውዬ በክንዶቹ መሃል ቀና ብሎ አየው። በደም የራሰው ፊት በተስፋ በራ።

«ይኸው! ሻጩ መጣ! ንገርልኝ ልጄ!»

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። ቦጋለ ለያቸው፤ ክንዱ ግን ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር። የተሰነዘረ መዶሻ መሃል መንገድ ላይ እንደማይመለስ ያውቃል፤ የሱም አልተመለሰም።

«ተዉ! እኔ ነኝ የሸጥኩላቸው!» ብሎ ጮኸ። ቅድም «ሌባ!» ሲል መቶ ሰው የተቀበለው ድምፅ አሁን አንድም የሚቀበለው አጣ። ከግራ ከቀኝ እግር ይወርድ ነበር። ሰውዬው ላይ ተደፋ፤ እሱንም ረገጡት። ሲያቆሙ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ መተንፈስ አቁመው ነበር።

ፖሊሱ ሲደርስ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። «ማነው የመታው?»

«ሕዝቡ ነዋ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዕቃው የተሰረቀበትስ?»

ሁሉም አጠገቡ ያለውን ያያል። ፖሊሱ ደብተሩን ገልጦ መጻፍ ጀመረ። ቦጋለ የሚጻፈውን ቃል ሳያየው አወቀው፦ «ሌባ»። ያ ቃል ዛሬውኑ አራሷ ቤት ይገባል። ዝም ካለ እሱ ማታ ወደ ፋና ይመለሳል፤ የሚጠይቀው የለም።

እጁን ኪሱ ከትቶ ሽቦዋን አወጣ። ተንበርክኮ የተጣመመውን ምድጃ አቀና፤ እጀታው ላይ ሁለቴ ጠምዝዞ አሰራት።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«የተሸጠ ነው» አለ ቦጋለ። «እኔ ነኝ የሸጥኩላቸው። ሌባ አይደሉም።»

ፖሊሱ መጻፉን አቆመ። «ይሄን እያወቅህ ሲገድሏቸው ቆመህ አየህ?»

ቦጋለ ዞር ብሎ ሰዉን አየ። ቅድም አንድ የነበረው ሕዝብ አሁን እያንዳንዱ የየራሱን ፊት ይዞ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

«ቆሜ አላየሁም» አለ፣ መዶሻውን ከመሬት አንሥቶ ምድጃው ላይ አስቀምጦ።